አጥር ወይስ እግድ? ስለ ክላስተር ቃላቶቻችን የቀረበ ትችት

ቃሊቲ አካባቢ ጉዳይ ይዛችሁ ወረፋ የጠበቃችሁ እንደሆነ «ሲስተም የለም» የምትለዋን አባባል ሳትሰሙ አትቀሩም። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ስክሪኑን ታያለች፣ እናንተን ታያለች፣ ትከሻዋን ሰበቅ ታደርጋለች። በቃ። ከኋላ የቆመው የከባድ መኪና ሾፌር «መቼ ነው የሚመጣው?» ይላል። በእኛ አማርኛ ሲስተም እንደ መብራትና እንደ ውሃ ይሄዳል፣ ይመጣል።

ሰርቨር ሲወድቅ አገልግሎቱ አብሮት እንዳይወድቅ የሚሠራ የሶፍትዌር ዓይነት አለ። በእንግሊዝኛው ሃይ አቬይለቢሊቲ ክላስተር ይሉታል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሶፍትዌሩ ብቻ አይደለም፤ በአማርኛ ስለምንጠራባቸው ቃላት ነው። «የቃላት ጉዳይማ የቋንቋ ሰዎች ሥራ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፣ አንድ የተሳሳተ ቃል የግማሽ ቀን መዝገብ ሲያጠፋ እስካይ ድረስ። ቃሉን የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነበርኩ። እዚያ እንደርሳለን።

መጀመሪያ ቨርቹዋል ማሽን፣ ባጭሩ ቪኤም፣ ምን እንደሆነ እንግባባ። አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለ እንበል። በላዩ ላይ ሃይፐርቫይዘር የሚባል ሶፍትዌር ይጫንና ኮምፒውተሩን ለብዙ «ኮምፒውተሮች» ይከፋፍለዋል። እያንዳንዱ የራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ ዲስክ ያለው ይመስለዋል። እንግሊዝኛው ትልቁን ኮምፒውተር ሆስት፣ በውስጡ ያሉትን ጌስት ይላቸዋል። አማርኛው ምን አለ? የስልካችሁን ቋንቋ ወደ አማርኛ ብትቀይሩ ሰርቨር «አገልጋይ»፣ ሆስት ደግሞ «አስተናጋጅ» ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ለእኔና ለእናንተ አስተናጋጅ ማኪያቶ የሚያመጣልን ሰው ነው፤ አገልጋይ ደግሞ ወይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ወይ ጌታ አለው። «አስተናጋጁ ሲወድቅ እንግዶቹ ወደ ሌላ አስተናጋጅ ይዛወራሉ» የሚል ማብራሪያ ያነበበ ተማሪ ስለ ሰርግ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ለዚህ ዝምድና እኮ አዲስ አበባ የታወቀ ቃል አላት፦ አከራይና ተከራይ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው አንድ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ሊኖር እንደሚችል፣ ሁሉም የየራሱ በር እንዳለው፣ ውሃ ሲጠፋ ግን ለሁሉም አንድ ላይ እንደሚጠፋ ያውቃል። ቪኤም ማለት ይኸው ነው። ሜሞሪው፣ ፕሮሰሰሩ፣ ኤሌክትሪኩ የአከራዩ ነው።

ቨርቹዋልን ደግሞ «ምናባዊ» ይሉታል። ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ምናባዊ ማለት በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር ነው። የደመወዝ መክፈያ ሶፍትዌሩ የሚሠራበትን ማሽን ምናባዊ ካልነው ደመወዙስ? እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመውን የእንግሊዝኛ–አማርኛ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የሚወቅስ ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል። ወቀሳው ቦታው አይደለም። ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ ራሱ የተቋቋመው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1998 ነው። ሊቃውንቱ ያልተወለደ ልጅ ስም ሊያወጡ አይችሉም ነበር። ችግሩ ከእነሱ በኋላ የመጣነው እኛ፣ ልጁ ምን እንደሚሠራ ሳናይ በእንግሊዝኛ ስሙ ላይ ብቻ ተመሥርተን ክርስትና ማንሳታችን ነው። ለቨርቹዋል እስካሁን የተሻለ ቃል አላገኘሁም፤ «ቨርቹዋል» ብሎ መተው ከ«ምናባዊ» ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው። ሃይ አቬይለቢሊቲ ቃል በቃል ሲገለበጥ «ከፍተኛ ተገኝነት» ይሆናል። ከፍተኛ ፍርድ ቤት እናውቃለን፣ ከፍተኛ ሐኪም እናውቃለን። «ተገኝነት» ግን እናታችሁ ስትናገረው ሰምታችኋል? የኔ ቅሬታ ግን ቃሉ አዲስ መሆኑ አይደለም፤ ያልተሰጠ ቃል ኪዳን መስጠቱ ነው። የሰማው ሰው «የማይቋረጥ» ብሎ ይረዳዋል።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። አንድ ሰርቨር ከዓመቱ 99 በመቶውን ይሠራል ቢባል ጥሩ ይመስላል። የቀረው 1 በመቶ ግን 3 ቀን ተኩል ያልፋል። 99.9 በመቶ ከሆነ ወደ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ፣ 99.99 ከሆነ 53 ደቂቃ ገደማ፣ 99.999 ከሆነ 5 ደቂቃ ከሩብ ገደማ በዓመት ይጠፋል። መሐንዲሶች ዘጠኞቹን እየቆጠሩ «ሦስት ዘጠኝ»፣ «አምስት ዘጠኝ» ይላሉ። ልብ በሉ፣ የትኛውም 100 አይደለም።

ቪኤም በሚሠራበት ዓለም ደግሞ ይኸው አንድ ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፤ ተማሪዎች የሚደናገሩትም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ቪኤምዌር ቪሞሽንን አመጣ፦ ቪኤሙ እየሠራ ሳለ ሜሞሪው በኔትወርክ ወደ ሌላ ሆስት ይገለበጣል፣ በመሀል የተቀየረው ገጽ እንደገና ይገለበጣል፣ በመጨረሻ ለቅጽበት ቆም ተደርጎ እዚያ ማዶ ይቀጥላል። ተጠቃሚው አያውቅም። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱም ሆስቶች በሕይወት ሲኖሩ ነው፤ በእኛ አማርኛ ርክክብ ነው፣ አስረካቢም ተረካቢም ቆመው። በ2006 የመጣው ቪኤምዌር ኤችኤ ሌላ ነገር ነው። ሆስቱ በድንገት ሞቷል፤ ሜሞሪው ላይ የነበረው ሁሉ አብሮት ሄዷል። የሚገለበጥ የለም። ሌላው ሆስት ቪኤሙን ከጋራ ዲስክ ላይ አንስቶ እንደ አዲስ ያበራዋል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይነሳል፣ ዳታቤዙ ራሱን ያጣራል፣ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ሦስተኛው ፎልት ቶለራንስ የሚባለው ሲሆን አንድ ቪኤም ጥላው የሆነ መንትያ በሌላ ሆስት ላይ አብሮት ይሮጣል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ካለበት ይቀጥላል፣ ዋጋው ግን ሁሉን ነገር እጥፍ ማድረግ ነው። እነዚህን ሦስቱን «ከፍተኛ ተገኝነት» ብሎ መጥቅለል ርክክብን፣ ዳግም ማስነሳትንና መንትያን አንድ ስም መስጠት ነው። ከዚያ አለቃው «ኤችኤ ገዝተን የለ እንዴ፣ ለምን አምስት ደቂቃ ጠፋ?» ብሎ ይቆጣል። ኤችኤው እኮ የሠራው ሥራውን ነው።

እኔ ሐኪም ቤት የምንሰማውን ቃል እመርጣለሁ፦ ተረኛ። ተረኛ ሐኪም አለ ሲባል ሐኪሙ አልጋችሁ አጠገብ ቆሟል ማለት አይደለም። ቢጠራ የሚመጣ ሰው አለ ማለት ነው፤ እስኪመጣ ጥቂት ትጠብቃላችሁ። የሚሠራውን ኖድ ተረኛ፣ የሚጠብቀውን ተጠባባቂ ብትሉት ማንም ይገባዋል። ተጠባባቂ ተጫዋችን የማያውቅ የኳስ ተመልካች የለም።

ክላስተር የሚለው ቃልስ? ይሄኛው አማርኛ አግኝቷል፣ ከግብርናው ሰዎች። ዜና ላይ «ኩታ ገጠም የስንዴ እርሻ» ሲባል የምትሰሙት ድንበር ለድንበር የገጠሙ ማሳዎች በአንድነት ሲታረሱ ነው። ውብ ቃል ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ለሰርቨርም እንውሰደው ይላሉ። እኔ እቃወማለሁ፤ ምክንያቴም የስሌት ነው። እያንዳንዳቸው 99 በመቶ የሚሠሩ ሁለት ሰርቨሮች ካሏችሁ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የመውደቃቸው ዕድል 1 በመቶ ሲባዛ በ1 በመቶ ነው፤ ከ10,000 አንድ። ማለትም 99.99 በመቶ ደረሳችሁ። ስሌቱ የሚሠራው ግን የአንዱ ውድቀት ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ብቻ ነው። ሁለቱም አንድ ክፍል፣ አንድ ዩፒኤስ፣ አንድ ትራንስፎርመር ላይ ከተንጠለጠሉ የቃሊቲ መብራት ሲሄድ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፣ ማባዛቱም ከንቱ ይሆናል። ማሳ ሲገጥም ጥሩ ነው፣ ትራክተሩ ሳይዞር ያርሳል። በረዶ ሲመጣ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚመታው። የክላስተር ጥበብ ያለው መራራቅ ላይ ሆኖ ሳለ ስሙ መግጠምን ከሰበከ፣ ጀማሪው ሁለቱን ሰርቨሮች አንዱን ካንዱ ላይ ደራርቦ ያስቀምጣል። ስለዚህ ክላስተር ይባል፣ ክላስተር ይቅር።

በተቃራኒው ቃል በቃል ተተርጉሞ የሠመረ አንድ አለ፤ የልብ ምት። በክላስተር ውስጥ ያሉ ኖዶች በየሰከንዱ ገደማ «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ይለዋወጣሉ። ምቱ ለተወሰነ ጊዜ ከጠፋ ሌላው ኖድ «ሞተ» ይላል። ግን ቆይ፦ እናታችሁ ጋ ደውላችሁ ስልኩ ደንበኛዋን ማግኘት አይቻልም ቢላችሁ ሞታለች ብላችሁ ለቅሶ ትቀመጣላችሁ? ኔትወርክ ሊሆን ይችላል። ባትሪ ሊሆን ይችላል። ኖድ ግን ይህን መለየት አይችልም፤ ለእሱ የመሞትና የመገለል ምልክት አንድ ነው፣ ዝምታ። የዚህ ሶፍትዌር ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው።

ወደ ታሪኬ ልመልሳችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቃሊቲ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ የመጋዘን መዝገቡን በሁለት ቪኤም ላይ አድርገን ነበር። አንዱ ቪኤም ቢሮው ያለው ሆስት ላይ፣ ሌላው ግቢውን ተሻግሮ መጋዘኑ ያለው ሆስት ላይ። ዲስካቸው በኔትወርክ ይገለባበጣል፤ ቢሮው ተረኛ፣ መጋዘኑ ተጠባባቂ። ለቴክኒሻኑ ልጅ በአማርኛ ማስታወሻ ጻፍኩለት፣ በኩራት። ፌንሲንግ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ መዝገበ ቃላት እንኳ ሳላይ «አጥር» ብዬ አለፍኩ።

ፌንሲንግ ምን መሰላችሁ? ተጠባባቂው ተረኛውን «ሞተ» ብሎ ሥራውን ከመውሰዱ በፊት በእርግጥ መሞቱን የሚያረጋግጥበት መንገድ ነው። እንዴት? በመግደል። ሃይፐርቫይዘሩን «ያንን ቪኤም አጥፋው» ብሎ ያዛል፣ «ጠፍቷል» የሚል መልስ ሲያገኝ ብቻ ይቀጥላል። የሊኑክስ ክላስተር ሠሪዎች ለዚህ ያወጡት ስም ስቶኒዝ ነው፤ ፊደሎቹ ሲፈቱ «ሌላውን ኖድ ጭንቅላቱን ምታው» እንደማለት ይሆናል። የእንግሊዝኛው ቃል ሁሉ በሊቃውንት ጉባኤ የጸደቀ እንዳይመስላችሁ። የማይክሮሶፍት የመጀመሪያው ክላስተር ሶፍትዌርም ሲሠራ የሚስጥር ስሙ የተኩላ መንጋ ነበር።

እንግሊዝኛው አጥር ሲል የታመመችውን ላም ከመንጋው ለይቶ ማገድ ማለቱ ነው። የአዲስ አበባ ሰው አጥር ሲባል የሚያየው ቆርቆሮና ሽቦ፣ ሌባ ከውጭ እንዳይገባ ነው። አንድ ቃል፣ ፊቱ ወደ ተቃራኒ የዞረ። ቴክኒሻኑ ማስታወሻዬን አነበበና ጥሩ አድርጎ አሰበ፦ «ይህ ኔትወርክ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። ከውጭ የሚገባ የለም። አጥር ለምን?» አጠፋው። ሶፍትዌሩም ማስጠንቀቂያ ማሳየቱን ተወ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ደወለልኝና «አጥሩን አንስቼዋለሁ፣ አሁን ጸጥ ብሏል» አለኝ። ጎበዝ አልኩት።

ከሳምንታት በኋላ ግቢው ውስጥ ቁፋሮ ነበርና በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ያለው ኬብል ተቆረጠ። ሁለቱም ሆስቶች ደህና ናቸው፣ ሁለቱም ቪኤሞች ደህና ናቸው፣ ግን አይተያዩም። የመጋዘኑ ኖድ የልብ ምት ጠፋበትና ተረኛ እኔ ነኝ አለ። የቢሮውም ተረኛነቱን አልለቀቀም። የቢሮ ሰዎች በቢሮው ላይ፣ የመጋዘን ሰዎች በመጋዘኑ ላይ ግማሽ ቀን ሙሉ ጻፉ። ማንም «ሲስተም የለም» አላለም። ሲስተሙ ሁለት ነበር። ኬብሉ ሲቀጠል ሁለት የማይታረቁ መዝገቦች ተፋጠጡ፣ እንዲህ ሲሆን ደግሞ አንዱን መርጦ የሌላውን ጽሑፍ መጣል ግድ ነው። የዲስክ መገልበጫው ሶፍትዌር የሚጣለውን ወገን ሰለባ ብሎ ይጠራዋል፤ ቃሉ ጨካኝ ቢሆንም ትክክል ነው። የመጋዘኑን ጣልን። የመጋዘን ጸሐፊዋ ሁለት ቀን ከካርቦን ቅጂ ላይ እያየች መልሳ አስገባች። እኔን አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፣ ስታየኝ ግን ሰላምታዋ አጠረ።

ይህ በሽታ በእንግሊዝኛው የተከፈለ አንጎል ይባላል። በአማርኛ ቃል በቃል ስትሉት አማኑኤል ሆስፒታል ነው የሚታያችሁ። እኔ «ሁለት ማህተም» ብዬ ማስረዳት ጀምሬያለሁ። ሁለት ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጆች፣ ሁለቱም ማህተም ይዘው፣ በሁለት ቢሮ ተቀምጠው ደብዳቤ ሲያወጡ አስቡ። አዲሱ ማህተም ሳይቀረጽ አሮጌው መነጠቅ አለበት።

ለዚህም ነው ለፌንሲንግ የማቀርበው ቃል እግድ የሆነው። ባንክ ሂሳብ ይታገዳል፣ ቤት እግድ ይወጣበታል። እግድ የወጣበት ቤት አልፈረሰም፣ ባለቤቱም አልሞተ ይሆናል፤ ነገሩ እስኪጣራ ግን መሸጥ መለወጥ የለም። ፌንሲንግ በሁለት መንገድ ይሠራል፤ አንደኛው ኃይሉን ማቋረጥ፣ ሁለተኛው ኖዱ እንደበራ ዲስኩ ላይ መጻፍ እንዳይችል ማድረግ። ሁለተኛውማ ቃል በቃል እግድ ነው። ማስታወሻዬ ላይ «እግድ» ብጽፍ ኖሮ ያ ልጅ «እግዱን አንስቼዋለሁ» ሲለኝ ቢያንስ አንዳችን በደነገጥን።

በነገራችን ላይ እግዱ በርቶ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ምን ይሆን ነበር? ኬብሉ ስለተቆረጠ የመጋዘኑ ኖድ ቢሮውን ማገድ ባልቻለ፣ ማገድ ስላልቻለም ሥራውን ባልወሰደ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ «ሲስተም የለም» በተባለ። አያችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ያማረርንባት አባባል አንዳንዴ ትክክለኛዋ መልስ ናት።

መድኃኒቱ ሦስተኛ ድምፅ ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ከእንግሊዝኛው ምንም መበደር የለበትም፤ ኮረም የሚሉት ምልዓተ ጉባኤ ነው። የእድር መተዳደሪያ ደንብ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፦ ካልሞላ ውሳኔ የለም። በክላስተር ውስጥ ሃምሳ ሲደመር አንድ ነው ሕጉ። ከአምስት ኖድ ሦስት፣ ከሦስት ሁለት፤ ከአራት ግን ሁለት አይበቃም። ሁለት ኖድ ብቻ ያለው ክላስተር ሲለያይ እያንዳንዱ ግማሽ ብቻ ነው፣ ማንም ምልዓተ ጉባኤ የለውም። ስለዚህ ሦስተኛ ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ማሽን ይጨመራል፣ ሥራዋ ድምፅ መስጠት ብቻ። ማይክሮሶፍት ይህችን «ምስክር» ይላታል፤ እዚህ ላይ የሚሳሳተው እንግሊዝኛው ይመስለኛል፣ ምስክር ያየውን ይናገራል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። ገላጋይ ብትባል ደስ ይለኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን። በብዙ እድርና ማኅበር ደንብ በመጀመሪያው ጥሪ ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ፣ በሁለተኛው ጥሪ በተገኘው አባል ስብሰባው ይካሄዳል። ለሰው ልጅ ጥሩ ሕግ ነው፣ አለበለዚያ ማን ይሰበሰባል። ለክላስተር ግን መርዝ ነው፤ «በተገኘሁት እኔ ልወስን» የሚል ኖድ ነው ሁለት ማህተም የሚፈጥረው። ቃሉን ስንወስድ ይህን ልማዱን እዚያው እንተወው።

ጌታና ባሪያ የሚለውን አልነካም፤ ቪኤምዌር ራሱ በኋላ በሰነዶቹ ዋናና ሁለተኛ ወደሚል ለውጦታል፣ እኛ የተጣለ ቃል አንስተን በአማርኛ የምናቆምበት ምክንያት የለም። ኖድንም «አንጓ» የሚሉ አሉ፤ ለሸንበቆ ያምራል፣ ለሰርቨር ገና አልለመደልኝም።

ያ ድርጅት አሁን ገላጋይ አለው፤ ከሁለቱ ሕንፃዎች ውጭ፣ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ፣ በራሷ መስመርና በራሷ ባትሪ የምትሠራ አሮጌ ኮምፒውተር ናት። ማስታወሻውንም እንደገና ጻፍኩት። ባለፈው ክረምት ማታ ቴክኒሻኑ ደወለ።

«መጋዘኑ ጠፍቷል። እግዱ አልተሳካም ይላል፣ ቀይ ነው። ላንሳው እንዴ?»

«እንዳትነካው! ሆስቱን ሄደህ በዓይንህ እየው።»

ሄደ። ጫማው ጭቃ ውስጥ ሲረግጥ በስልኩ ይሰማኛል። ሆስቱ በርቷል፤ የኔትወርክ ገመዱ ግን ወልቆ መሬት ላይ ነበር።